ፍሬድራይክ አታክሲያ፦ ከየት ይመጣል? እዚህ አዲስ አበባ ውስጥስ በምን ቅደም ተከተል ይመርመር?

ቸርችል ጎዳና | ሰኞ፣ ማታ 1:20

«ሲሄድ ይንገዳገዳል፣ የራስ ኤምአርአዩ ደህና ነው ተባለ፣ ከዚህ በኋላ ወዴት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ በዚህ መድረክ ደጋግሞ ይነሳል፤ መልሱ ግን በየክሩ ተበታትኗል። የሚታወቀውን እዚህ እናሰባስበው። መነሻውን እኔ ልጻፍ፤ ላቦራቶሪውን፣ ልቡን፣ ልምምዱን የምታውቁ ቀጥሉበት። የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

አታክሲያ የሚባለው ጡንቻ ጉልበት እያለው እንቅስቃሴ አልቀናጅ ሲል ነው። እጅ ስኒ ሊያነሳ ሲዘረጋ አልፎ ይሄዳል ወይም ሳይደርስ ይቀራል፤ እግር ተራርቆ ይረገጣል፤ ንግግር ይጎተታል። መንስኤው ብዙ ነው። በዘር ከሚመጡት ውስጥ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ኒኮላውስ ፍሬድራይክ ከ1863 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሃይደልበርግ የገለጸው ነው።

እግራችንን ሳናይ መራመድ የምንችለው ቁርጭምጭሚትና ጉልበት «አሁን እንዲህ ታጥፌያለሁ» የሚል መልእክት ያለማቋረጥ ስለሚልኩ ነው። መልእክቱ ከአከርካሪው ጎን ለጎን በተሰለፉ የስሜት ነርቭ ጉብታዎች በኩል ገብቶ በኅብለ ሰረሰር ጀርባ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፊሉ ወደ ትንሹ አንጎል ይታጠፋል። ፍሬድራይክ ቀድሞ የሚያጠቃው እነዚያን ጉብታዎችና ከእነሱ የሚወጡትን ወፋፍራም ነርቮች ነው። ቀጥሎ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱ መስመሮችና ትንሹ አንጎል ውስጥ ደንቴት ኒውክሊየስ የሚባለው ክፍል ይጎዳሉ።

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስተውላቸው ሁለት ነገሮች ከዚሁ ይመነጫሉ። አንደኛው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ቀን በደህና ያቋረጠውን ሳሎን በጨለማ ሲያቋርጥ ግድግዳ ይደግፋል። ሁለተኛው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሳሙናው እንዳይገባበት ዓይኑን እንደጨፈነ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የገንዳውን ጠርዝ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ዓይን እስካለ ድረስ ከእግር የቀረውን መልእክት ይተካል፤ ሲጨፈን ምትክ የለም። ሐኪም እግር አስገጥሞ ዓይን የሚያስጨፍንበት የሮምበርግ ምርመራም የሚፈትሸው ይህንኑ ነው።

ሐኪሙ የሚያገኘው ደግሞ እንግዳ የሚመስል ጥምረት ነው። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ (በመዶሻ ሲነካ እግር በራሱ የሚወረወረው) ጠፍቷል፤ የእግር መዳፍ ሲጫር ግን አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳል። የመጀመሪያው የዳር ነርቭ ጉዳት ምልክት ነው፣ ሁለተኛው የኅብለ ሰረሰር ወይም የአንጎል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ የሚጠረጠሩት በሽታዎች ቁጥር በጣም ያንሳል። በዚህ ላይ የእግር ቅስት ከፍ ማለት፣ የጣቶች መቆልመም፣ የአከርካሪ መጣመም፣ የልብ ጡንቻ መወፈር፣ በአንዳንዱ ስኳር፣ የዓይን ነርቭ መድከም ይጨመራል።

አእምሮ ደህና ነው። ቃሉ ስለሚጎተት ልጁ «ዘገምተኛ» ይባላል፤ ጎረምሳ ከሆነ ደግሞ «ጠጥቶ ነው»። ሁለቱም ሐሰት ናቸው፤ ከበሽታው ባላነሰ ይጎዳሉ።

መንስኤው 9ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤፍኤክስኤን የሚባል ዘረመል ነው፤ ተለይቶ የታወቀው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዘረመሉ የመጀመሪያ ኢንትሮን ውስጥ ጂኤኤ የሚሉ ሦስት ፊደላት ይደጋገማሉ፤ በጤነኛ ሰው ከ5 እስከ 33 ጊዜ፣ በታማሚ ከ66 እስከ 1700 ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 1200። ኢንትሮን የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚወስን ክፍል ስላልሆነ ፕሮቲኑ ሲሠራ ደህና ሆኖ ይሠራል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው፤ የተራዘመው ድግግሞሽ አካባቢውን ጠቅልሎ ስለሚዘጋው ዘረመሉ በወጉ አይነበብም። ፕሮቲኑ ፍራታክሲን ይባላል። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ብረትና ሰልፈር እንዲገጣጠሙ የሚያግዝ ነው። እሱ ሲያንስ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ይደክማል፣ ሥራ ያላገኘው ብረት እዚያው ይጠራቀማል። ብዙ ኃይል የሚፈልጉት ይጎዳሉ፦ ረጃጅም ነርቮች፣ ልብ፣ ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳት።

የሚጀምረው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ25 በኋላ የጀመረ ፍሬድራይክ አይደለም።

---

ሰባት ቤት | ሰኞ፣ ማታ 2:05

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ሰባት ቤት ተቆጥሮላቸው ነው የተጋቡት። በአባትም በእናትም ወገን እስከ ቅድመ አያት እንዲህ ያለ ሕመም አልታየም። ታዲያ «በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናትየው ነው።

---

ዘረመል አራት ኪሎ | ሰኞ፣ ማታ 2:48

ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው፤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ፍሬድራይክ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም የተራዘመ የዘረመሉ ቅጂ ሲወረስ ነው። አንድ የተራዘመና አንድ ደህና ቅጂ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ፍራታክሲኑ በግማሽ ቢያንስም ዕድሜ ልኩን አይታመምም። ስለዚህ የተራዘመው ቅጂ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ማንንም ሳያሳምም ብዙ ትውልድ ይሻገራል። የሚታየው ሁለት ተሸካሚዎች በአጋጣሚ ሲጋቡ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ያ ልጅ መሆኑ የተለመደ ነው፤ «በዘር ነው» የሚለውንም አያፈርስም።

ለእናትየው የሚነገረው ቀጥተኛ ነው፦ ልጁ ከታመመ ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት ነው የመጣው። ከሁለት አንዱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ በዚህ በሽታ አይቻልም።

ሰባት ቤት መቁጠር ዕድሉን በጣም ይቀንሳል፤ ሁለት ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ቅጂ ከአንድ አያት የመውረስ ዕድላቸው ከባዕድ ይበልጣልና። ግን አያጠፋውም። እንደ አፋር አብሱማ የአክስትና የአጎት ልጆች በሚጋቡበት ማኅበረሰብ ደግሞ እንዲህ ባሉ ሁለት ቅጂ በሚጠይቁ በሽታዎች ሁሉ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ስሌቱ፦ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ፣ ተሸካሚ የመሆን 50 በመቶ፣ ከሁለቱም ነፃ የመሆን 25 በመቶ ነው። አንድ ታሞ ከተወለደ «ቀጣዮቹ ሦስት ደህና ናቸው» የሚል ሒሳብ የለም፤ በየእርግዝናው ዕጣው እንደገና ይጣላል። ያልታመመ ወንድም ወይም እህት ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው። ታማሚው ራሱ ሲወልድ ልጆቹ ሁሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ የሚታመሙት የትዳር አጋሩም ተሸካሚ ከሆነ ብቻ ነው።

ቸርችል ጎዳና፣ አንድ እርማት አለኝ። የ25 ዓመቱ ገደብ የነርቭ ሐኪሟ አኒታ ሃርዲንግ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ካወጣችው የምርመራ መስፈርት የመጣ ነው፤ ያኔ ዘረመሉ አልታወቀም ነበር። ከታወቀ በኋላ ከ25 በላይ፣ ከ40 በላይም የሚጀምር ፍሬድራይክ መኖሩ ተረጋግጧል። ምክንያቱም ከሁለቱ ቅጂዎች አጭሩ ነው የዕድሜውን ነገር ይበልጥ የሚወስነው፤ አጭሩ ባጠረ ቁጥር በሽታው ዘግይቶና ለስለስ ብሎ ይመጣል። ዘግይተው ከሚጀምሩት በአንዳንዶቹ ሪፍሌክስም አይጠፋም። «30 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ይመታል፣ ስለዚህ አይደለም» ብሎ መዝጋት ስህተት ነው።

---

ቸርችል ጎዳና | ሰኞ፣ ማታ 2:55

እርማቱን ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። የላይኛውን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ መልሱ እንዳይምታታ።

---

ላብ ልደታ | ሰኞ፣ ማታ 4:10

ለቤተሰብ ገንዘብም ጊዜም የሚያድነው ቅደም ተከተሉ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ፍሬድራይክ በብዛት የተገለጸው በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሕንድ ሕዝቦች ነው፤ ከሰሃራ በታች ብርቅ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ይህ መልክ ሲታይ ፍሬድራይክን መጠርጠር ተገቢ ቢሆንም፣ እሱን የሚመስሉትንና መድኃኒት ያላቸውን ቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ ቫይታሚን ኢ። 8ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ቲቲፒኤ የሚባል ዘረመል ሲበላሽ ጉበት ቫይታሚን ኢን ወደ ደም መልሶ መጫን ያቅተዋል። የሚመጣው አታክሲያ ከፍሬድራይክ ጋር መንታ ነው፦ ዕድሜው፣ የሪፍሌክሱ መጥፋት፣ የአውራ ጣቱ መነሳት፣ የእግር ቅስቱ ሳይቀር። የጭንቅላት መነቅነቅና የሬቲና ጉዳት ወደ ቫይታሚን ኢ ያዘነብላል፤ የልብ ጡንቻ መወፈርና ስኳር ወደ ፍሬድራይክ። በዓይን መለየት ግን አይታመንበትም፣ ደም ነው የሚለየው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የቫይታሚን ኢው በከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ይቆማል፣ ቀድሞ ከተያዘ ይሻሻላልም። የዘገየ እያንዳንዱ ዓመት ግን የማይመለስ ጉዳት ይጥላል።

ናሙናው ሲወሰድ የሚበላሸው እዚህ ነው፦

ሰውየው ከቀናት በፊት ቫይታሚን ጀምሮ ይመጣል። መልቲቫይታሚንም ቢሆን ውጤቱን ከፍ ያደርጋል። ደም ይቀዳ፣ ከዚያ ይጀመር።

ቱቦው መስኮት ዳር ይቀመጣል። ቫይታሚን ኢ በብርሃን ይበላሻል፤ ቱቦው ወዲያው በፎይል ይጠቅለል።

ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ አብሮ አይለካም። ቫይታሚን ኢ በደም ውስጥ የሚጓዘው በስብ ላይ ተሳፍሮ ነው፤ ስቡ ከፍ ካለ ቫይታሚኑ ደህና ይመስላል፣ ስቡ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ሌላ በሽታ ይጠረጠራል። ሌሊቱን ጾሞ ጠዋት መቅዳት ይሻላል።

በዚያው የደም ናሙና ቢ12፣ የቂጥኝ ምርመራ፣ ኤችአይቪ፣ የታይሮይድ፣ የስኳር ምርመራ ይደረግ። ቢ12 እጥረትና የቆየ ቂጥኝ የኅብለ ሰረሰሩን ጀርባ ስለሚመቱ ዓይን ሲጨፈን መውደቁን በትክክል ያመጣሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ልጁ ትንሽ ከሆነና የዓይኑ ነጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ከታዩ አልፋ ፌቶፕሮቲን ይጨመር፤ አታክሲያ ቴላንጂኤክታዚያ ከሆነ ጨረር ስለሚጎዳው ራጅና ሲቲ እንደ ዋዛ አይታዘዙም።

ከዚያ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ። በፍሬድራይክ የስሜት ነርቮች ምላሽ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል፤ የእንቅስቃሴ ነርቮች ፍጥነት ግን ከ40 ሜትር በሰከንድ በላይ ሆኖ ይቆያል። ይህ የእግር ቅስት ከሚያመጣው ሻርኮ ማሪ ቱዝ ከሚባለው በዘር የሚመጣ የዳር ነርቭ በሽታ የተለመደ ዓይነት ይለየዋል።

ኤምአርአይ ላይ፦ ትንሹ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ሊመስል ይችላል። የሚሳሳው የአንገት ኅብለ ሰረሰር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ «ራስና አንገት» ይሁን። «የራስ ኤምአርአይ ደህና» የሚለው ውጤት ፍሬድራይክን አይሽርም።

---

ካዛንቺስ ፋርማሲ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:15

ከመድኃኒት በኩል አጭር ጭማሪ።

መጀመሪያ የሚዋጠው ሁሉ ይመዝገብ። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ እየተባለ ያለ ትእዛዝ ተደጋግሞ ይወሰዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ትንሹን አንጎልም የዳር ነርቭንም ይመታል፣ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን መጠኑ ሲያልፍ ያንገዳግዳል፣ ሲቆይ ትንሹን አንጎል ያኮስሳል። አይሶኒያዚድ ያለ ቢ6 ነርቭ ይጎዳል፤ ቢ6 ራሱ ደግሞ ከልክ ሲያልፍ እነዚያኑ የስሜት ጉብታዎች ይመርዛል። «የነርቭ ቫይታሚን ነው፣ ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ሁለተኛ ዩኒትና ሚሊግራም። ለቫይታሚን ኢው አታክሲያ ለአዋቂ የሚታዘዘው በቀን ከ800 እስከ 1500 ሚሊግራም ነው፣ ተከፋፍሎ፣ ዕድሜ ልክ። ክኒኑ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ 400 ዩኒት ነው፤ ከተፈጥሮ የወጣው 400 ዩኒት 268 ሚሊግራም ገደማ ነው። 800 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ሁለት ክኒን «400 ሲደመር 400» ብሎ ቢውጥ 536 ብቻ ነው የደረሰው፤ ሦስት ያስፈልገዋል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ። በጾም ዘይት የገባበት ወጥ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይበቃል፤ ግን ሱፍ በቫይታሚን ኢ ሀብታም ነው ተብሎ ክኒኑ አይተካበትም፣ ጉበት የማይጭነውን በምግብ መጠን ማካካስ አይቻልም። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፣ አንድ ላይ መድማት ያመጣሉ።

---

ጤፍ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ብረት ይጠራቀማል ካላችሁ እንጀራ ማቆም አለበት? ጤፍ ብረት አለው ይባላል። ብረት የሚያወጣ መድኃኒትስ?

---

ዘረመል አራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

እንጀራ አይቁም። ብረቱ የሚጠራቀመው በሕዋሱ ውስጥ ባለው ሚቶኮንድሪያ ነው፤ ሰውነቱ በጠቅላላ ብረት በዝቶበት አይደለም፣ የደም ብረት መጠኑ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ከገበታ ጤፍ ብናነሳ ሚቶኮንድሪያው ጋ የሚቀንስ ነገር የለም፣ ልጁ ግን ይከሳል። በሌላ በኩል የደም ማነስ መኖሩ ሳይለካ የብረት ክኒን አይሰጥ። ብረት አውጪው ዴፈሪፕሮን በፍሬድራይክ ተሞክሯል፤ ከፍ ባለው መጠን መንገዳገዱ ስለባሰ ተቋርጧል።

---

ኢኮ ክፍል | ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

እስካሁን ልብ በአንድ ሐረግ ነው የታለፈው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት አስቀምጠዋለሁ። በዚህ በሽታ ዕድሜን በብዛት የሚያሳጥረው ልብ ነው፣ መንገዳገዱ አይደለም። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የልብ ጡንቻ ችግር አለባቸው፤ በአንዳንዱ ልጅ ከአታክሲያው ቀድሞ ይታያል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ቲ ሞገድ መገልበጡ የተለመደ ነው፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ የልብ ድካም ወይም የደም ሥር መዘጋት አድርጎ ሊያነብበው ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ፍሬድራይክ ይጠረጠራል» ተብሎ ይጻፍ።

በሽታው እንደታወቀ ኢሲጂና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ። በሁለቱ መሀል የልብ ምት መዛባት፣ ራስ መሳት፣ የእግር እብጠት፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ከጊዜ በኋላ የወፈረው ጡንቻ እየሳሳና እየደከመ ይሄዳል፤ ያኔ ነው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት የሚበዛው። ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሁሉ ኢኮ ሳይነሳ ማደንዘዣ አይወስድ።

ከደም ምርመራ ጋር በየዓመቱ የጾም ስኳርና ኤችቢኤዋንሲ (የወራት አማካይ ስኳር)። የታማሚው ውሃ ጥምና ሽንት መብዛት በድንገት ከመጣ ያንኑ ቀን ይለካ፤ በፍሬድራይክ ስኳር በፍጥነት ሊገነፍል ይችላል።

---

ፊዚዮ ፒያሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

የቀረውን እኔ ልውሰድ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ለውጡን ለመለካት ሳራ የሚባለው መለኪያ አለ፦ አካሄድ፣ አቋቋም፣ አቀማመጥ፣ ንግግር፣ ሁለት የጣት ፈተና፣ የእጅ ቶሎ ቶሎ መገለባበጥ፣ ተረከዝን በቅልጥም ላይ ማንሸራተት። ስምንት ክፍል፣ ከ0 እስከ 40፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብሷል ማለት ነው። በየ6 ወሩ፣ በአንድ ኮሪደር፣ በአንድ ጫማ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሠራ። ደክሞት የመጣ ሰው ከጠዋቱ ቁጥር በላይ ያስመዘግባል፣ ያ የበሽታው መባባስ አይደለም።

ቤት ውስጥ ሚዛን ማለማመጃው ጥግ ነው። ጀርባ ሁለት ግድግዳ ወደሚገናኙበት፣ ፊት ለፊት ከባድ ወንበር። እግር ገጥሞ 30 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፤ ሲቀል አንዱን እግር በግማሽ አስቀድሞ። ዓይን ክፍት ሆኖ ይጀመር፤ ጨፍኖ መሞከር ሰው አጠገቡ ሲኖር ብቻ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ እጅ ሳይደገፍ ከተቻለ። ባት ጡንቻን 30 ሰከንድ መሳብ፣ በየእግሩ 4 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የመጨረሻው እንዳይዘለል፤ ባቱ ካጠረ ተረከዝ መሬት አይነካም፣ ያኔ ጫማውም ድጋፉም አይሠራም።

ጫማ፦ ሸበጥ ከቤት ይውጣ። እግሩ ስለማይነግረው መውለቁን ሳያውቅ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ተረከዙ ጠንካራ፣ ሶሉ ሰፊና ቀጭን፣ የሚታሰር ጫማ። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ስኒከር የቀረችውን ትንሽ ስሜት ይውጣታል።

ድጋፍ፦ አንድ ከዘራ ለደካማ ጡንቻ ጥሩ ነው፣ ለአታክሲያ ግን እጅም ስለማይታዘዝ ከዘራው ራሱ ያደናቅፋል። ከበድ ያለ ዎከር ይሻላል። አራት ጎማ ያለው ከሆነ የእጅ ፍሬን የግድ ነው፤ ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ቁልቁለት አስቡት፣ ፍሬን የሌለው ዎከር ሰውየውን ይዞት ነው የሚሄደው። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለልምምድ ይመቻሉ፤ ኮብልስቶን ግን እግር ስለሚያጠምም ከሰው ጋር ይታለፍ። ሚኒባስ ሲሳፈር መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ እግሩን ያስገባ።

ገበታ ላይ፦ መሶብ ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ያስብላል፤ ጠረጴዛ ይሁን፣ ሁለቱም ክርኖች ጠረጴዛው ላይ ይረፉ። ክርን ሲያርፍ እጅ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ቡና በስኒ ሳይሆን ጆሮ ባለው ከበድ ያለ ኩባያ፣ እስከ ግማሽ። መዋጥ ሲከብድ ውሃ ከአጥሚት ይብሳል፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ጉሮሮ ሳይዘጋጅ ይደርሳል። አጥሚት፣ ወፍራም ሾርባ፣ እርጎ ይቀላሉ። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅሩ። ሲውጥ አገጭ ወደ ደረት ዝቅ፣ እያወራ አይብላ። ምግብ በበላ ቁጥር የሚያስለው ሰው ሳንባው ሊታይ ይገባል።

አከርካሪ፦ በዕድገት ዓመታት በየ6 ወሩ ይታይ። መጣመሙ ወደ 40 እና 50 ዲግሪ ሲጠጋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋ መቅረብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ተቀምጦ መዋልም መተንፈስም ይከብዳል።

---

ሰባት ቤት | ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

ጠበል የሚገቡ ብዙ ናቸው። ከሕክምናው ጋር ይጋጫል?

---

ፊዚዮ ፒያሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

አይጋጭም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ጠበሉ በራስ ላይ ሲወርድ ዓይን ይጨፈናል፣ ድንጋዩም እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ተቀምጦ ይጠመቅ ወይም ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይያዘው። ልቡ የደከመ ሰው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ብዙ አይቆይ። የልብ መድኃኒት፣ ኢንሱሊንና ቫይታሚን ኢ በሱባኤ ቀናት አይቋረጡ፤ ይህን ለአጥማቂው አባት አስቀድሞ መንገር ይገባል።

---

ጤፍ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30

ለፍሬድራይክ ራሱ አዲስ መድኃኒት ወጣ ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

---

ካዛንቺስ ፋርማሲ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

እውነት ነው። ኦማቬሎክሶሎን ይባላል፤ አሜሪካ በየካቲት 2023፣ አውሮፓ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ፈቅደውታል፣ ዕድሜያቸው 16ና ከዚያ በላይ ለሆኑ። በቀን 150 ሚሊግራም፣ 50 ሚሊግራም ያላቸው ሦስት እንክብሎች፣ ምግብ ከመብላት ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት። የጠፋውን ነርቭ አይመልስም፤ መባባሱን ያዘገያል። ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ የጉበት ምርመራ ይጠይቃል፤ የልብ ድካም ምርመራና ኮሌስትሮልም ይታያሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኤፋቪሬንዝ ኃይሉን ይቀንሱታል፣ ፍሉኮናዞልና ክላሪትሮማይሲን ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጉታል፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒንንም ያዳክማል። ዋጋው በአሜሪካ በዓመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚደረስበት አይደለም። «የፍሬድራይክ መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጥ ኮኤንዛይም ወይም አይዲቤኖን ላይ ቤት ንብረት አይሸጥ፤ አይዲቤኖን በትልልቅ ሙከራዎች ለነርቩ ጥቅም አላሳየም። ያ ገንዘብ ለኢኮ፣ ለጫማና ለፊዚዮቴራፒ ይዋል።

---

ቸርችል ጎዳና | ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ላብ ልደታ፣ የዘረመሉ ምርመራ ቀረ። ብዙ ቤተሰብ «ሙሉ ዘረመል ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው።

---

ላብ ልደታ | ረቡዕ፣ ማታ 2:35

ያ ወረቀት ፍሬድራይክን አይሽርም። ኤክሶም የሚባለው ሰፊ ምርመራ የሚያነበው የፕሮቲን መመሪያ የሆኑትን ክፍሎች ነው፣ ዘረመሉን በአጫጭር ቁራጭ ቆርጦ። የጂኤኤ ድግግሞሹ ግን ኢንትሮን ውስጥ ነው፣ ርዝመቱም ቁራጩን ያልፋል፤ ስለዚህ አይታይም። ሲኤጂ የሚባሉ ፊደላት በመደጋገማቸው የሚመጡት፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሱት ኤስሲኤ የሚባሉት ሌሎች አታክሲያዎች (1፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7) እንዲሁ ሊያመልጡት ይችላሉ። በእነዚህ ግን ብዙውን ጊዜ በየትውልዱ ታማሚ አለ፣ ዕድሜውም ከአባት ወደ ልጅ እያነሰ ይመጣል። ድግግሞሹን የሚለካ ራሱን የቻለ ፒሲአር በስሙ መታዘዝ አለበት።

ናሙናው በአብዛኛው ወደ ውጭ ስለሚላክ አንዴ ከተበላሸ ሳምንታት ይጠፋሉ። ከ3 እስከ 5 ሚሊሊትር ደም፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ኢዲቲኤ ቱቦ። አረንጓዴው ሄፓሪን ፒሲአሩን ያውካል። ቱቦው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገልበጥ፣ አይናወጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ይቆይ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለት የተራዘሙ ቅጂዎች ካሉ አለቀ፣ ከታማሚዎቹ 96 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። አንድ የተራዘመና አንድ ደህና ከመጣ፣ ምልክቱም ከገጠመ፣ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የፊደል ስህተት ወይም መቆረጥ ይፈለግ። የወላጆች ደም የሚመረመረው ከልጁ ውጤት በኋላ ነው። ምልክት የሌላቸውን ታናናሽ ልጆች ለፍሬድራይክ መመርመር አይመከርም፣ አድገው ራሳቸው ይወስናሉ። ታላቅየው ቫይታሚን ኢ አንሶት ከተገኘ ግን ታናናሾቹ ሁሉ ዛሬውኑ ደማቸው ይለካ።

ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ ወደ ሌላ የነርቭ ክሊኒክ በሪፈር ሲኬድ ወረቀቱ ላይ «መንገዳገድ» ብቻ አይጻፍ። እንዲህ ይሁን፦ የጀመረበት ዕድሜ፤ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ አለ ወይስ ጠፍቷል፤ አውራ ጣት ይነሳል ወይስ አይነሳም፤ የቫይታሚን ኢና የቢ12 ውጤት ከነቀኑ፤ ኢሲጂና ኢኮ፤ በወንድምና እህት ተመሳሳይ ምልክት። የላቦራቶሪው ትእዛዝ ላይ ደግሞ «የኤፍኤክስኤን ጂኤኤ ድግግሞሽ ልኬት፣ ሁለቱም ቅጂዎች በቁጥር ይገለጹ»።